ለዚህማ ክት አይወጣም!

ክት ጠባቂ የሌለበት ቤተሰብ የለም። አለ የሚል ሰው ካለ አድራሻውን ይላክልኝና ራሴ ሄጄ ቁም ሣጥኑን እከፍትለታለሁ። ከካፖርቶቹ ኋላ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ልብስ አገኛለሁ። ዘወር ስል ደግሞ ወገቧን ይዛ የቆመች አንዲት ዘመድ አገኛለሁ። "ማን ክፈቺ አለሽ?" ትለኛለች። ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

ክት ጠባቂ ማለት ጥሩ ልብስ ያላት ሴት ማለት ብቻ አይደለም። ጥሩ ልብስ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ይለብሰዋል፣ ሻይ ያፈስበታል፣ ያጥበዋል፣ ያልቅበታል። ክት ጠባቂዋ ግን ልብሷን የምትጠብቀው ከብልና ከአቧራ ብቻ ሳይሆን ከቀንም ጭምር ነው። ቀኑ ሁሉ ደጇ ድረስ እየመጣ "እኔስ እበቃለሁ?" ይላታል፤ እሷም ከእግሩ እስከ ራሱ ገርመም አድርጋ "አትበቃም" ብላ ትመልሰዋለች። ሠርግ ይመጣል፣ ይመለሳል። ምረቃ ይመጣል፣ ይመለሳል። እሷ አዘቦቷን እንደለበሰች፣ ክቱም በፕላስቲክ ውስጥ እንደተሰቀለ፣ አብረው ያረጃሉ።

የኛ ቤተሰብ ክት ጠባቂ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት እመቤት፣ የከፋይ ቀሚስ ባለአደራ፣ የቁም ሣጥኑ ባለሙሉ ሥልጣን ሲሆን ባጭሩ ክትዬ እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ብሆን ደስ ባለኝ፤ ያወጣችው ግን እናቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ "እትዬ" ስትላቸው በኖረችው እህቷ አንድ ቀን ብትናደድባቸው "እትዬ ክት!" ብላ ጮኸችባቸው። እኛ ልጆቹ ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ቃል የሚለያቸው አልተገኘም። እሳቸው እንደሆነ አልተቀየሙም። እንዲያውም ሹመት የተጨመረላቸው ይመስል ቀና ብለው መሄድ ጀመሩ።

ክትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ አንዱን መስመር ነቅለው ሌላውን እየሰኩ፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። ደዋዩ አፉን ሳይከፍት በአተነፋፈሱ ብቻ ማንን እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር ይባላል፤ ይባላል የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ዛሬም ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ እጃቸውን ያነሡና "መስመር ተይዟል! አንድ በአንድ!" ይላሉ። አጎቴ፣ ማለትም የክትዬና የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በዚህ ምክንያት እዚያ ቤት አንድም ሐሳብ ጨርሶ አያውቅም።

ወደ ክቱ ልመለስ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከፋይ ቀሚስ ነው። ማን እንደሰፋው፣ ለምን እንደተሰፋ የሚያውቅ ዘመድ የለም፤ ለብሰውት ያየም የለም። እኛ ቀሚሱን የምናውቀው በመልኩ ሳይሆን በናፍታሊን ሽታው ነው። ቁም ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ቀድሞ ወጥቶ "አለሁ" ይለናል፤ እኛም በአክብሮት እናስነጥሳለን።

አጎቴ ያገባ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ክቱ ወጣ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። አንድ ወንድም፣ አንድ ሠርግ፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? ክትዬ ሙሽሪትን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው "ዓመት አብረው የሚቆዩ ይመስልሻል?" አሉ። ቀጥለውም፣ የወንድማቸውን አንገት የሰበረውን፣ እኛ ደግሞ ዛሬም ድረስ የምንስቅበትን ቃል ተናገሩ፤ "ለዚህማ ክት አይወጣም!" አጎቴና ሚስቱ አሁን ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። ክትዬ ግን "ገና ነው፣ እናያለን" ይላሉ።

እኔ ስመረቅም ያው ነው። "ማስተርሱ ገና አለ አይደል?" አሉኝ። ማስተርሱን ያዝኩ። "ዶክትሬቱስ?" አሉኝ። እዚህ ላይ ትምህርቴን አቆምኩ። በሳቸው ምክንያት ነው አልልም፤ ግን ብቀጥል ኖሮ ቀጥለው የሚጠይቁኝን አውቀው ነበር። የራሳቸው የጡረታ ሽኝት እንኳ አልበቃም። "ንግግር ያደርጋሉ፣ የግድግዳ ሰዓት ይሰጡኛል፣ አለቀ። ለዚህማ ክት አይወጣም!" እንዳሉት ሆነ። ንግግር ተደረገ፣ ሰዓቱም ተሰጣቸው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በሳቸው ጣራ ይወርድ ጀመር። የሕንፃው ሰው ሁሉ ተረባርቦ ቴሌቪዥን ያወጣል፣ ፍራሽ ያወጣል። ክትዬ ከፋዩን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ በውሃ ውስጥ እየተራመዱ፣ በደረጃው በክብር ወረዱ። የጡረታ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀረ። ዛሬም ውሃ በገባበት ሰዓት ላይ እንደቆመ ነው።

ታዲያ በየድግሱ ምን ለብሰው ይመጣሉ? ቢጫዋን ሹራብ። ይህቺ ሹራብ በሁሉም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ስላለች ከአንዳንድ ዘመዶቼ የበለጠ አውቃታለሁ። ስትገዛ የእንቁላል አስኳል ትመስል ነበር ይባላል። ክርኖቿ ተጥፈው፣ መጣፊያው ተቀዶ፣ እንደገና ተጥፏል። አንገቷ ተተርትሮ ተሠርቷል። ከመጀመሪያዋ ሹራብ የቀረው ነገር ቢኖር ኪሶቿና ቢጫነቷ ነው፤ ኪሶቿ ውስጥ መሐረብ፣ ካራሜላና የተቀረጸ ጉርድ እርሳስ አይጠፋም። እናቴ አዳዲስ ሹራብ ገዝታ ሰጥታቸዋለች፤ ክትዬ አመስግነው ተቀብለው ለጎረቤት አደሏቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በእናቴ ሹራብ ሲሞቅ ክትዬ መርፌና ቢጫ ክር ይዘው ይቀመጣሉ። እኛ ይሄን ሁሉ በግትርነት ነበር የምንተረጉመው።

ለራሳቸው እንዲህ ይሁኑ እንጂ የሌላውን ሰው ልብስ በተመለከተ ክትዬ ምክር አይሰስቱም፤ በተለይ ቲያትር ቤት የሚሄድ ሰው ከተገኘ። በኛ ቤተሰብ ቲያትር ሊያይ የተነሣ ሰው ምን ልልበስ ብሎ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ባይጠይቅም ይነገረዋል።

"ሲኒማ ሌላ ነው" ይላሉ፣ ጣታቸውን አንሥተው። "እዚያ ሸራው ላይ ያለው ሰውዬ ብታወሪ አይሰማሽ፣ ብታንቀላፊ አያይሽ። ቲያትር ላይ ያለው ግን እንዳንቺው ትንፋሽ ያለው ሰው ነው። ያይሻል፤ ይሰማሻል። ስለዚህ ልብስሽ ዝም ማለት አለበት።"

ልብስ ዝም ማለቱ የሚታወቀው በኮሽታ ምርመራ ነው። ሳሎኑ መሐል ወንበር ይቀመጥልሻል። ክትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ተቀመጪ። ተነሺ። እግርሽን አጣምሪ። ቦርሳሽን ክፈቺ።" አንድ ጊዜ በዝናብ ጃኬት መጥቼ ገና ቁጭ ከማለቴ ዓይናቸውን ገለጡና "ይሄ ጃኬት ከተዋናዮቹ የበለጠ የሚናገረው አለ፤ አውልቂው" አሉኝ። የእናቴን አምባሮች አንድ በአንድ አስወለቋት፤ ስታጨበጭብ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል አሉ። አጎቴ አዲስ ጫማው ሲጢጥ የሚል ሆኖ ተገኘ። "አንተ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ሕዝቡ ቲያትሩን ትቶ ያንተን ጉዞ ይከታተላል" ተባለ። ሽቶውን በተመለከተም ለብቻው ወንበር እንዲያዝለት ተመከረ። ፀጉሯን ወደ ላይ ከምራ የመጣች የአጎቴ ሚስት ደግሞ "ከኋላሽ የሚቀመጠው ሰው መድረኩን ሊያይ እንጂ አንቺን ሊወጣሽ አልመጣም" ተብላ በሩ ላይ ፀጉሯን ፈታች።

ይሄን ሁሉ ሕግ የሚያውቁት በወሬ አይደለም። ክትዬ ቲያትር አያመልጣቸውም፤ አሳዛኙንም፣ አስቂኙንም፣ አሰልቺውንም ያያሉ። አንድ ዓይነት ቲያትር ብቻ ነው አይተው የማያውቁት። እሱም ልጃቸው የሚጫወትበት ነው።

አዎን፣ አንድ ልጅ አላቸው፤ ያውም ተዋናይ። ቤተሰቡ "ተዋናዩ" ይለዋል፤ መጀመሪያ ላይ ለሽሙጥ ነበር፣ በኋላ ስሙ ሆኖ ቀረ። ከኔ ጋር እኩያ ነን፤ ሆዳችን ያለውን እንነጋገራለን። ፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ይህን ትምህርት የመረጠው ወደ ካርታው ዞሮ፣ ለተማሪው ጀርባውን ሰጥቶ ማስተማር ስለሚቻል መሆኑን ለኔ ብቻ ነግሮኛል። ምክንያቱም ይሄ ልጅ አንድ ጣጣ አለበት፤ ከተሰበሰበ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ከተጋጠመ ቃል ይጠፋበታል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ አለቀ። ይሄን እያወቀ መድረክ ላይ መውጣቱ ከፍታ የሚፈራ ሰው ጣራ ሠሪ ሆኖ እንደመቀጠር ነው፤ ግን የመድረክ ፍቅር ምክንያት አያውቅምና አስተማሪነቱን ትቶ ሄደ።

እንደምንም ሲያመልጥ ኖረ። ሬሳ ሆኖ ተጫወተ፤ ዓይኑ ተጨፍኖ ነበር። ባርኔጣው ፊቱ ላይ የወደቀ እንቅልፋም ዘበኛ ሆኖ ተጫወተ። ፖስተኛ ሆኖ፣ የደብዳቤውን አድራሻ አቀርቅሮ እያነበበ፣ "ደብዳቤ መጥቷል" አለ። በየጊዜው እናቱን ይጠራል። እናቱም በየጊዜው "ስንት ቃል አለህ?" ብለው ይጠይቁታል። "ሁለት" ይላል። "ለዚህማ ክት አይወጣም!" ይሉና ይቀራሉ። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ግን ሆዱ እንደሚብሰው አውቃለሁ።

"ይሄ ነገር የጀመረኝ በሷው ነው" አለኝ አንድ ቀን። "አንደኛ ክፍል እያለሁ በትምህርት ቤት ቲያትር ላይ አውራ ዶሮ ሆኜ ነበር። 'ንቁ፣ ነግቷል!' ማለት ነው ሥራዬ። መድረክ ላይ ወጥቼ እናቴን ፈለግኳት። ከዳር እስከ ዳር አየሁ። የለችም። ሥራዋን ትታ አልመጣችም። ቃሉ ከአፌ ላይ ጠፋ፤ አልቅሼ አስተማሪዋ ተሸክማ አወረደችኝ። ይኸው እስካሁን ሰው ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ ያ የጎደለው ቦታ ነው።"

ባለፈው ወር ግን ዱብ ዕዳው መጣ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሰጡት። ባቡር መቆም በተወበት ጣቢያ ውስጥ ብቻውን የቀረ የጣቢያ ኃላፊ ነው። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ችግሩ ተነገረን። አዘጋጁ በመጀመሪያው ትዕይንት የአዳራሹ መብራት አይጠፋም ብሏል። የጣቢያው ኃላፊ መድረኩ ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ ተሳፋሪ እንደሚፈልግ ሰው የተመልካቹን ፊት አንድ በአንድ ያያል፤ ከዚያ "ባቡሩ ዘግይቷል እንጂ አልቀረም" ይላል። ቲያትሩ የሚጀምረው በዚህ ቃል ነው። ተዋናዩ ደግሞ በልምምድ ላይ ጥቂት ሰው ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር እዚህ ቃል ላይ ይደርቃል። አዘጋጁ በግልጽ ነግሮታል፤ በመጀመሪያው ትርኢት ካልተሳካ ለሚቀጥለው ተጠባባቂው ይገባል።

"ትኬቱን አንቺ ስጫት" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪያት። ከፋዩን ለብሳ ትምጣ። ለዚህ እንኳ ካልወጣ ለምንም አይወጣም ማለት ነው፤ እኔም ወደ ካርታዬ ልመለስ።"

ሄጄ ነገርኳቸው። ክትዬ የሹራባቸውን ክርን እየጣፉ ነበር።

"ስንት ቃል አለው?" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

"ሁሉም ቃል የሱ ነው፣ ክትዬ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።"

"ሕዝቡን ቀና ብሎ ያያል?"

"እሱ ነው እኮ ያስፈራው። መብራት በርቶ፣ አንድ በአንድ።" ከዚያም የዶሮውን ነገር፣ የጎደለውን ቦታ፣ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳቸው።

መርፌያቸው ቆመች። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው "ሦስተኛው ረድፍ፣ መሐል ላይ" አሉ። "ከዚያ ሌላ ቦታ አልቀመጥም። እናንተ ግራና ቀኝ ትቀመጣላችሁ። ሁላችሁም ጥቁር ትለብሳላችሁ።"

እናቴ ስትሰማ "ጥቁር? ለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?" አለች። ግን ወዲያው ገባን፣ ወይም የገባን መሰለን። የወይን ጠጅ ከፋይ በጥቁር መሐል! እኛ ለቀሚሱ ማጀቢያ ልንሆን ነው። ወሬው በአንድ ቀን ዘመድ አዝማዱን አዳረሰ፤ ክቱ ሊወጣ ነው። ክቱን ለማየት ሲሉ ብቻ ትኬት የቆረጡ ዘመዶች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ለተዋናዩ ደውዬ "እሺ ብላለች" አልኩት፤ እንዲህ እንዳላሉ ያስታወስኩት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ተሰለፍን። ክትዬ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ካፖርት ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወጡ። ናፍታሊኑ አፍንጫችንን መታን። እናቴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ "ከሥር አለ" አለችኝ በዓይኗ። ምርመራው ተጀመረ። የአጎቴ ቀይ ክራቫት ወልቃ ኪሱ ገባች። የኔን የአንገት ልብስ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙና "ይሄ ምንድነው?" አሉኝ።

"ቢጫ ነው፣ ክትዬ። ትንሽ እንዲያደምቀኝ ብዬ።"

"ዛሬ ከናንተ መሐል ቢጫ እንዳላይ" ብለው ከአንገቴ ላይ መንጨቅ አደረጉት።

አዳራሹ ሞልቷል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ እንደ ቁራ ጥቁር ሆነን ተቀመጥን። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። ክትዬ ተነሥተው የካፖርታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። ከኋላችን የተቀመጡት ዘመዶች ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ካፖርቱ ወረደ።

ቢጫዋ ሹራብ ነበረች።

"እትዬ!" አለች እናቴ። "ምን ነክቶዎት ነው? ለልጅዎ ቀን እንኳ?" አጎቴ ኪሱን እየዳሰሰ "እኔን ክራቫቴን አስወልቀው!" ይላል። የኔ ግን ደሜ ፈላ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ከፋይ የሚጠብቀው ሰው ነበር የታየኝ። የሰጡት መልስ መሰለኝ፤ ዛሬም አትበቃም ያሉት መሰለኝ።

"ለዚህማ ክት አይወጣም" አሉ ክትዬ፣ እንደወትሮው ጮክ ብለው ሳይሆን በቀስታ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው "ያን ቀን ሄጄ ነበር" አሉኝ።

"የትኛውን ቀን?"

"ዶሮ የሆነ ቀን። ፈቃድ ጠይቄ፣ ከፋዩን ለዚያ ቀን ብዬ አሰፍቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄጄ ነበር። ወጣ፤ ይፈልገኝ ጀመር። ዓይኑ እኔ ላይ መጣና አለፈኝ። ተመልሶ መጣ፣ አሁንም አለፈኝ። ልጁ የሚፈልገው ቢጫ ነው እኮ! ከሥራ ስመለስ ከሩቅ የሚያውቀኝ በሷ ነው፤ አንገቴ ሥር የሚተኛው በሷ ነው። እኔ ደግሞ አምሬ መጣሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩትም?"

"ነገርኩት እንጂ! 'መጥቼ ነበር' ስለው 'አልመጣሽም፣ ፈልጌሻለሁ' አለኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ፈልጌሻለሁ ካለ ምን ብለሽ ትከራከሪዋለሽ? ከዚያ በኋላ ደግሞ ሄጄ እንደገና ቃል ባስጠፋውስ እያልኩ ፈራሁ። መፍራቴን ከምናገር ክቱን ባሳብብ ይሻላል ብዬ ይኸው…" እጃቸውን አነሡ። "ዝም በሉ አሁን። መስመር ሊገናኝ ነው።"

መጋረጃው ተከፈተ። የጣቢያው ኃላፊ ቆቡን አድርጎ፣ ደወል በእጁ ይዞ መጣ። መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመ። ከግራ ጀምሮ ያይ ገባ። ፊቱ እየገረጣ ሲሄድ አየሁ፤ ከንፈሩ ተከፍቶ ምንም አልወጣም። አዳራሹ ለጊዜው ጥበብ መስሎት በጸጥታ ጠበቀ፤ ጸጥታው ረዘመ፤ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። ዓይኑ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደረሰ። እኛ ላይ መጣ። በጥቁሩ ውስጥ የወይን ጠጅ ቀለም ሲፈልግ ታወቀኝ፤ አለፈን።

ተመለሰ። ቢጫዋ ላይ ቆመ።

ክትዬ እጃቸውን አላወዛወዙም፤ ፈገግም አላሉ። አገጫቸውን ትንሽ ብቻ ቀና አደረጉ፣ መስመሩ ገብቷል፣ ይናገሩ እንደሚል ኦፕሬተር። የልጁ ትከሻ ወረደ። ፊቱ ሁሉ ተፈታ።

"ባቡሩ ዘግይቷል እንጂ" አለ፤ ድምፁ ያለ ማጉያ የኋላው ግድግዳ ድረስ ሄደ፤ "አልቀረም።"

ቲያትሩ ስለምን እንደነበር አትጠይቁኝ። ድንቅ ነበር፤ ሰዉ ቆሞ አጨብጭቧል፤ ስለ ተጠባባቂው ያነሣም የለም። እኔና እናቴና አጎቴ ግን ያየነው በእንባ ውስጥ ነው። ከሹራቧ ኪስ የወጣችው አንዲት መሐረብ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ዞራ ረጥባ ተመለሰች። ካራሜላውም ተሰጠን፤ ወረቀቱ ኮሽ እንዳይል አስቀድሞ ተልጦ ነበር።

ከትርኢቱ በኋላ መግቢያው ላይ ስንጠብቅ ቆቡን እንዳደረገ መጣ። ሰው እየተጋፋ እጁን ይጨብጠዋል፤ እሱ የሚያየው ሹራቧን ነው።

"እማዬ፣ ክቱስ?" አለ።

"እሱንማ አንድ ጊዜ ለብሼልህ ነበር" አሉ ክትዬ። "አላወቅከኝም።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ። "ቀይ የለበሰች ሴትዮ ነበረች" አለ። "ዶሮ የሆንኩ ቀን። እጇን ታወዛውዝ ነበር። በጣም ቆንጆ ነበረች። እኔ…" የሹራቧን እጅጌ ያዘ። "እኔ የሌላ ልጅ እናት መስላኝ ነበር።"

ክትዬ ይሄ ሁሉ ዘመን አጥፈው ሲያስቀምጡት የኖሩት ነገር ይሄው ነበርና እዚያው መግቢያው መሐል፣ ሕዝቡ ፊት፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። አቀፋቸው። ትንሽ ቆይቶ ከደረቱ ሥር "ቀስ በል፣ ክርኗ ይተረተራል" ሲሉ ሰማናቸውና ሁላችንም ሳቅን።

አሁን ስለ ክት ጠባቂዎች የሚያሾፍ ሰው ሲገጥመኝ እስከ መጨረሻው አብሬው አልስቅም። እነሱ ምን እንደሚሰውሩ ማን ያውቃል? ክቱ የትኛው እንደሆነ እንኳ እኛ ተሳስተን ነበር።

እኔም የራሴ ቀን ደርሷል። በሚመጣው ቅዳሜ እነዚህን ጽሑፎቼን ሰብስቤ ያሳተምኩትን መጽሐፍ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ አስመርቃለሁ፤ ቆሜ ላነብ ነው፤ ከአሁኑ ፍርሃት ይዞኛል። ትናንት ክትዬ ደወሉልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ "ምን ልልበስ?" አሉ። በሕይወታቸው ይሄን ጥያቄ ሰው ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። "መጽሐፍ ቀላል ነገር አይደለም። ከፋዩን ላውጣው እንዴ?"

ይሄን ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቅን እናንተ ታውቃላችሁ። የአጎቴ ሠርግ፣ የኔ ምረቃ፣ የግድግዳው ሰዓት፣ ሁሉም ዞረው የተመለሱበት በር ለኔ ሊከፈት ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ኧረ ክትዬ" አልኳቸው፣ "ለዚህማ ክት አይወጣም!"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በኦፕሬተር ድምፃቸው መለሱልኝ።

"እንግዲያው ለሌሎቹ ንገሪያቸው" አሉ። "ጥቁር ይልበሱ።"